ያ ዋንጫ የማን ነበር?

የጀሞ አባቶችና ልጆች ስለ 1954ቱ ድል



ኳስ በብዙዎቻችን ቤት ሰላም የሚያወርድ ርዕስ አይደለም። ልጅ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ወደሚያሳዩበት ቤት ይሄዳል። አባት ዐስር ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ ልጁን ያጣዋል፤ መግሪብ ሲቃረብም አንዴ ሰዓቱን አንዴ በሩን እያየ ይቆያል። ልጁ አርሰናል አሸንፎለት ከመጣ ቁጣው አይሰማውም። ተሸንፎበት ከመጣ ደግሞ እናቱ ያቀረበችለትን ራት ሳይነካ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሎንዶን ያሉ ሰዎች ተሸነፉ ተብሎ ጀሞ ላይ ራት የሚቀርበት ምክንያት ለእናቶች እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

ይሁንና በዚሁ ቤት አንድ ጨዋታ ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል። ተናጋሪው አባት ወይም አያት፣ ጆሮውን የሚሰጠው ልጅ ይሆናል። ያ ጨዋታ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ ነው። ያን ቀን ኢትዮጵያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች፤ ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን ማንሳት ቀርቶ ለፍጻሜ እንኳ ደርሳ አታውቅም። ስለዚህም ከስድሳ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ድል በየቤቱ እንደ አያት ካባ ለበዓል ይወጣል፣ አቧራው ይራገፋል፣ ታጥፎም ይቀመጣል። በዚህ ወር ይህን ካባ ለማየት ወደ ጀሞ ወርደን ነበር።

ዕጣ ያመጣው ትዝታ

ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ጀሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ የሚቆጠር የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ከሜክሲኮ «ጀሞ! ጀሞ!» የሚለውን የታክሲ ረዳት የተከተለ ሰው አይጠፋውም። በ1954 እዚህ ቦታ ላይ የነበረው ማሳና ግጦሽ ነው። ታዲያ ዋንጫውንና ጀሞን ምን አገናኛቸው? ትሉ ይሆናል።

መልሱ ዕጣው ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው፣ ወይም የድሮ ቤታቸው ለልማት ፈርሶ እዚህ የመጡ ብዙ አባወራዎችና እማወራዎች የመሀል ከተማ ሰዎች ነበሩ። ሰንጋተራ፣ ቂርቆስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መርካቶ ያደጉ ናቸው። ፍራሻቸውንና ምጣዳቸውን በአይሱዙ ጭነው ሲመጡ ትዝታቸውንም አብረው ጭነው መጥተዋል። በድሮው ሰፈር ስታዲየሙ በእግር የሚደረስበት ነበር፤ ጎል ሲገባ ጩኸቱ ግቢ ድረስ ይሰማል። ዛሬ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ያንኑ ጩኸት ለልጅ ልጆቻቸው በአፋቸው ይሠሩታል።

ሰደቃም፣ ኒካሕም፣ ለቅሶም በሚስተናገድበት የብሎኮቹ ኮሚናል ውስጥ ከዒሻእ በኋላ ከተሰበሰቡ አባቶች ጋር ተቀምጠን ወሬውን አነሳነው። ማንሳት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ከዚያ በኋላ እኛን የጠየቀን የለም።

ሁለት ዝምታ፣ አራት ጩኸት

ለወጣት አንባብያን ነገሩን ከሥሩ እናስቀምጠው። የአፍሪካ ዋንጫ የተጀመረው በ1949 ካርቱም ላይ ሲሆን፣ ያኔ የተሰለፉት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ፖሊሲዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለወጣች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው፣ «አድ-ዲባ» እየተባለ የሚጠራው ግብፃዊ ነበር። በ1951 ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ ውጤቱ እንደገና 4 ለ 0 ሆነ። ስለዚህ በ1954 ግብፆች አዲስ አበባ ሲመጡ ሁለቱንም ዋንጫ የወሰዱ፣ እኛን ደግሞ በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል ያገቡብን ባለጋራዎች ነበሩ። ስማቸውም ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር። ሶሪያ ከኅብረቱ ከወጣች ወራት አልፈዋታል፤ ስሙን ግን ግብፅ ብቻዋን ይዛው ቀርታለች።

የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ቡድናቸው ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ አለፈ፤ ግብፅም ዩጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፈች። የፍጻሜው ቀን እሑድ ዋለ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የጥምቀትን በዓል አክብረው ሁለት ቀናቸው ነው፤ በእኛ በኩል ደግሞ ሻዕባን ተጋምሶ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል።

ካነጋገርናቸው አባቶች አንዱ፣ ዛሬ ሰማንያ የተጠጉ ሐጂ፣ ያን ቀን ጨዋታውን አላዩትም። ይህን በግልጽ መናገራቸው በራሱ ደስ ያሰኛል፤ ምክንያቱም ያን ዕለት ስታዲየም ነበርኩ የሚለው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እውነቱን ቢሆን ኖሮ ስታዲየሙ እስከ ቃሊቲ መዘርጋት ነበረበት። እሳቸው ለመግቢያ የሚሆን ገንዘብ አልነበራቸውም። በለገሃር በኩል ከእኩዮቻቸው ጋር ቆመው ጨዋታውን በጆሮ ተከታተሉ። ቴሌቪዥን ገና ወደ አገራችን አልገባም፤ የገባው በ1957 ነው።

ሒሳቡን እንዲህ ይነግሩናል። ስታዲየሙ ሲጮህ የእኛ ጎል ነው፤ ድንገት ጸጥ ሲል የእነሱ። መጀመሪያ ጸጥ አለ። ይህ የግብፁ ባደዊ በ35ኛው ደቂቃ ያገባት ጎል ናት። ከዚያ ረጅም ጊዜ ሳይጮህም ጸጥ ሳይልም፣ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ቆየ። ድንገት ጩኸት ፈነዳ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። እነ ሐጂ ውጭ ሆነው መጨፈር ጀመሩ። ጭፈራው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ጩኸቱ በቢላዋ እንደተቆረጠ ሁሉ ጸጥ አለ። ባደዊ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን አገባ። ሐጂ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከአጠገባቸው የነበረ አንድ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ እንደሸፈነ ያስታውሳሉ። አልቋል ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ የጀመረም ነበር።

በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። ሁለት እኩል። መደበኛው ጊዜ በዚሁ አበቃና ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን አከሉ። 4 ለ 2። ሁለት ዝምታና አራት ጩኸት ማለት ነው። በሕይወቴ ብዙ ጨዋታ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እንደዚያኛው የታየኝ ግን የለም ይላሉ ሐጂ። ይህ አባባላቸው ለኛ እንግዳ አልሆነም። ሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

መንግሥቱ ወርቁ በውድድሩ ሦስት ጎል አስቆጥሮ ከባደዊ ጋር የከፍተኛ ጎል አግቢነቱን ተጋራ። ዋንጫውን ለሉቺያኖ ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። አንድ ነገር እዚህ ላይ ጣል እናድርግ፤ ያ የብር ዋንጫ የተሰየመው በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በአብዱልዓዚዝ አብደላህ ሳሊም ነበር። ግብፃዊ ናቸው። በግብፃዊ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ከግብፅ እጅ ወስደን አስቀረን ማለት ነው። ሐጂ ይህን አያውቁም ነበርና ስንነግራቸው ማሻአላህ ብለው በጣም ሳቁ።

በዚያ ሌሊት እናቶች ምን አዩ?

የኳስ ትዝታ ሲጻፍ የሚናገሩት ወንዶች ብቻ መሆናቸው ደግ አይደለም። በዚያው ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ቤታቸውም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ። አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ ጠባየ ጥብቅ ሰው ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ከሱቁ ሳይፈቀድለት ጠፍቶ ስታዲየም ሄደ። ዐስር አለፈ፤ መግሪብ አለፈ፤ ዒሻእም ተሰግዶ ልጁ አልመጣም። አባት ቀበቷቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። እናት ጥግ ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዱዓው ልጁ በሰላም እንዲመጣ ይሁን ወይስ ቀበቶው እንዲረሳ እሳቸውም አያውቁትም።

ልጁ የመጣው አንድ እግሩ ባዶ፣ ሸሚዙ እስከ ብብቱ ተቀዶ፣ ድምፁ ጨርሶ ተዘግቶ ነው። እናት የተደበደበ መስሏቸው ጮኹ። አባት ከተቀመጡበት ሳይነሱ ማን አሸነፈ? ብለው ጠየቁ። ልጁ መናገር አቅቶት በጣቱ መጀመሪያ አራት፣ ቀጥሎ ሁለት አሳየ። አባት ቀበቷቸውን መልሰው ታጠቁና ለዚህ ልጅ ራት ስጡት አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው በጣት እያሳየ፣ በስኒና በረከቦት እያስረዳ ጨዋታውን አስደገሙት። እኚህ እናት አባትና ወንድማቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲስቁ ያዩት ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ስለ ኳሱ ከዚህ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የጎል አግቢዎቹንም ስም አይለዩም። ዋንጫው ግን የእሳቸውም ነው ብንል ማን ይከለክለናል?

«በኢትዮጵያ የሚኖሩ»

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። ያ ዋንጫ የማን ነበር?

በፍጻሜው የተሰለፉትን የአሥራ አንዱን ስም አንድ በአንድ ማንበብ ጥሩ ነው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለ ማርያም፤ ከፊቱ ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄ፣ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረ መድኅን፤ ከዚያም ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ ጌታቸው ወልዴ። አምበሉና ወንድሙ አሥመራ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ከቀሩትም መካከል የአሥመራ ልጆች ነበሩ። ኤርትራ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረች ነበረች፤ ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955፣ ከዋንጫው አሥር ወር በኋላ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል፤ ረጅም ጦርነት፣ መለያየት፣ በ1990 ደግሞ እንደገና ጦርነት። ዋንጫው ግን አልተከፈለም። ለአንዱ ወገን ብቻ ይሰጥ ቢባል ጎሎቹን ማን ይወስዳል?

ደግሞም አዋድ መሐመድ አለ። በኮሚናሉ ውስጥ ስሙ ሲነሳ የአባቶች ፊት ሲለወጥ አይተናል። ምክንያቱን ለመረዳት ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሙስሊሙ በዚያ ዘመን በመንግሥት አነጋገር «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ነበር። የሚኖር! እንደ ተከራይ ማለት ነው። ዒዶቻችን ሥራ የሚዘጋባቸው ብሔራዊ በዓላት አልነበሩም፤ ልጅ የዒድ ቀን ከትምህርት ቤት ቢቀር ቀሪ ይባላል። እንግዲህ በዚህ ዘመን ባለጋራው ቡድን ዓረብ፣ አብዛኛውም ሙስሊም ሆኖ ሲመጣ አንዳንድ ሰው የሙስሊሙ ልብ ከማን ጋር እንደሚሆን መጠርጠሩ አልቀረም። አንድ አባት እንደነገሩን፣ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ከጨዋታው በፊት አንተማ ለግብፅ ነህ ብሎ ቀልዶባቸው ነበር። ቀልድ ነው፤ ግን ስድሳ ዓመት አልተረሳም።

መልሱን የሰጡት ክርክር ገጥመው አልነበረም። ሄደው ለአገራቸው ጮኹ፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ጮኹ። ሜዳ ውስጥ አዋድ መሐመድ ከእነ አስመላሽና በርሄ ጋር ሲሟገት፣ ሜዳ ዙሪያ ደግሞ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ከቂርቆስ ልጅ ጋር ተቃቅፎ ሲዘል «የሚኖር» የሚለው ቃል ለሁለት ሰዓት ያህል ትርጉሙ ጠፋበት። ጨዋታው ሲያልቅ ቃሉ ተመልሶ መጣ። ሙስሊሙ «የኢትዮጵያ ሙስሊም» ተብሎ ይጠራ ዘንድ፣ በዓላቱም ይከበሩ ዘንድ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በይፋ የጠየቀው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ነው፤ ከዋንጫው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ። በዚያ ሰልፍ ላይ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ወጥተዋል። ከጀሞ አባቶች አንዱ በሁለቱም ቀን ነበሩ፤ በ1954ም በ1966ም። ከሁለቱ የትኛውን ቀን ይበልጥ ታስታውሳለህ? ተብሎ መጠየቅ አይወዱም። ልጃቸው ግን በጆሯችን እንደነገረን፣ አባቱ ሲደሰቱ የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው፣ ሲያዝኑ ስለ ሁለተኛው ነው።

ኳስ ጨዋታ ፍትሕ አያመጣም። ይህን ማለት የዋህነት ነው። ሆኖም አንድ ሰው የአገሩ ልጅ መሆኑን በአንደበቱ ሳይከራከር በሙሉ ድምፁ የሚናገርበት ቦታ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይመስለንም፤ በተለይ ሌላ ቦታ ባልተሰጠው ዘመን።

የልጆቹ ተራ

ከ1954 በኋላ ያለው ታሪክ ለደጋፊ የሚያስደስት አይደለምና ፈጠን ብለን እንለፈው። አዲስ አበባ በ1960 እንደገና አስተናገደች፣ በ1968ም እንዲሁ፤ ዋንጫው ወደ ሌሎች ሄደ። በታኅሣሥ 1980 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን ወሰድን። የዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ጎልማሶች የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እስካሁን በጆሯቸው የሚሰሙት ከዚህ ጨዋታ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ይህን አላዩም፤ በነሐሴ 1979 አርፈው ነበር። ያንኑ የቀጠና ዋንጫ በ1994፣ በ1997ና በ1998 ደግመን አነሳን። ወደ አፍሪካ ዋንጫ ግን ከ1974 ወዲህ መግባት እንኳ አልቻልንም ነበር።

እስከ ጥቅምት 4 ቀን 2005።

የጀሞ ወጣቶች የራሳቸው ቀን ይህ ነው። ፍጻሜ አልነበረም፤ የማጣሪያ ጨዋታ ነው። ቢሆንም ሠላሳ አንድ ዓመት ለጠበቀ ሰው ፍጻሜ ነው። ባለጋራዋ ሱዳን ናት። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 በእነሱ ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር፤ ነገር ግን በሰው ሜዳ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች በኪሳችን ነበሩ። ሒሳቡን ያኔ እናቶች ሳይቀሩ ተማሩት። 2 ለ 0 ብናሸንፍ ድምሩ አምስት እኩል ይሆናል፤ እኩል ሲሆን ደግሞ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባ ያልፋል። 2 ለ 1 ቢሆን ግን ቀረን ማለት ነው። አንድ ስህተት ሁሉን ይወስዳል።

ዒድ አል-አድሓ ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የጀሞ ልጆች ለመግባት ገና በጠዋት ስታዲየም ዙሪያ ተሰለፉ። ካነጋገርናቸው አንዱ ዝሁርን በካርቶን ላይ በሰልፉ መካከል እንደሰገደ፣ ከኋላው የቆመ፣ ማተብ ያሰረ የማያውቀው ልጅም ቦታውንና ጫማውን እንደጠበቀለት ያጫውታል። ስሙን አልጠየቀውም። ከሰዓት በኋላ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰይድ ሁለት አሉ። ሳላዲን ያን ጊዜ ይጫወት የነበረው ለግብፁ ዋዲ ደግላ ክለብ መሆኑን አባቶች ሲሰሙ ደስታቸው እጥፍ ሆነ፤ ግብፅ ሄዶ ተምሮ መጣልን እያሉ። የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች አለፉ። ያን ማታ ከተማው በሰውና በጥሩምባ ስለተጨናነቀ ከስታዲየም ጀሞ ድረስ በእግራቸው እየዘፈኑ የገቡ አሉ። በየመንገዱ የማያውቁት ሰው አቅፏቸዋል፤ ውሃ የሰጠ አለ፣ ዳቦ የሰጠ አለ።

ከሁሉ የገረመን ግን ቤት ከገቡ በኋላ የሆነው ነው። ልጆቹ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ሸሚዛቸው ተቀዶ በር ሲያንኳኩ አባቶች አልተቆጡም። ቁጭ አድርገው ጠየቁ። ከየት በኩል መታት? በረኛው የት ነበር? ስኒና ረከቦቱ እንደገና ወጣ። አንድ ወጣት፣ አባቴ የ1954ቱን ሲያወራ እየሰማሁ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ፣ ያን ማታ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ አወራሁ እሱ ሰማ ብሎናል።

ቀጥሎ የሆነውንም እናንሳ። ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ያደረገችው በኔልስፕሩት ከተማ ጥር 13 ቀን 2005 ነው። ቀኑን ልብ በሉ! ከፍጻሜው ልክ ሃምሳ አንድ ዓመት፤ ቀኑም ወሩም አልተዛነፈም። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ስታዲየሙን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሞሉት። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ያኔ አንዳንድ ደጋፊዎች ወደ ሜዳ ዕቃ ወረወሩ። ይህ አሳፍሮናል፤ ደስታም ሆነ ቁጣ ድንበር አለው። በአሥር ሰው ተጫውተን አዳነ ግርማ አስቆጠረና 1 ለ 1 ወጣን። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። በ2014 ካሜሩን ላይም ከምድቡ አላለፍንም።

ልጆቹ ስለ እነዚህ ሽንፈቶች ሲጠየቁ አይደብቁም፤ ግን ቶሎ ወደ ጥቅምት 4 ይመለሳሉ። አባቶቻቸውም እንዲሁ ወደ 1954 ይመለሳሉ። ሰው የሚመለስበት አንድ ቀን ያስፈልገዋል መሰለኝ። ከ2014 ወዲህ ብሔራዊ ቡድኑ ብቁ ስታዲየም በማጣት የሜዳ ጨዋታዎቹን በብዛት በባዕድ አገር ሲያደርግ ቆይቷል። በለገሃር በኩል ቆሞ ጩኸት ለመስማት እንኳ ያልታደለ ልጅ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ለልጁ የሚያወራው ምንድን ነው? ይህን የጠየቁት ሐጂ ናቸው። በክፍሉ የነበረ ማንም መልስ አልሰጠም።

የአምበሉ ዜና

ድሉን ያመጡት ሰዎች ዕጣ ግን እንደ ድሉ ያማረ አልነበረም። ሉቺያኖ ቫሳሎ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 አረፈ። ሉቺያኖም በመስከረም 2015 መጀመሪያ ላይ በ87 ዓመቱ በጣሊያን አገር ሞተ።

ዜናው ጀሞ የደረሰው በወጣቶቹ ስልክ ነው። ብዙዎቹ ስሙን ከአባቶቻቸው አፍ በቀር የትም አልሰሙትም ነበር፤ መልኩንም ያዩት ያን ዕለት ነው፣ ዋንጫ ይዞ በተነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ስልኩን ይዞ ሐጂ ዘንድ ሄደ። ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና ፎቶውን ረጅም ሰዓት ተመለከቱት። ጨዋታውን በጆሯቸው እንጂ በዓይናቸው አላዩትምና የሉቺያኖን ፊት በቅጡ ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ስልኩን መለሱለትና፣ 84ኛው ደቂቃ ላይ የጮህነው ለዚህ ሰው ነው አሉት።